ከአንድ ደመወዝ ሁለት ቤት፦ ስለ ልጆች ትምህርት ክፍያና ስለ መኖሪያ ቤት ብድር የተነገረ ዲስኩር



ልናገርበት የተፈቀደልኝ ጉዳይ፥ ልጆች ከተኙ በኋላ ባልና ሚስት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚመካከሩበት እንጂ በጉባኤ መካከል ብዙ ጊዜ የማይነሣ ነው፤ ይኸውም ወር በገባ ቍጥር የሚመጣው ደመወዝ፥ የልጆችን የትምህርት ቤት ክፍያና የቈየውን ዕዳ ከፍሎ ሲያበቃ፥ ለመኖሪያ ቤት መሥሪያ የሚጠየቀውን የባንክ ብድር ሊሸከም ይችላል ወይስ አይችልም የሚለው ጥያቄ ነው። ስለ ዕዳ በአደባባይ መናገር ነውር ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ዕዳውን በጋራ የማይመረምር ሕዝብ እያንዳንዱ በየቤቱ ለብቻው ሲጨነቅ ይኖራል ብዬ ስለማምን፥ ዛሬ አሐዙንም ሕጉንም ሳንፈራ እንድናየው እለምናችኋለሁ።

አገራችን ዋግ ለብድርና ለዋስትና እንግዳ አይደለችም። የዋግ ገዥዎች የዋግሹሞች መቀመጫ የነበረችው ሰቆጣ፥ ከአፋር ቈላ የወጣው አሞሌ ጨው ወደ መካከለኛው አገር ሲጓዝ ከሚያርፍባቸው ዐበይት ገበያዎች አንዷ ስለ ነበረች፥ ነጋዴ ለነጋዴ በቃልና በዋስ ሲያበድር የኖረባት ከተማ ናት፤ አበው ለፍርድ ይመሩበት የነበረው ፍትሐ ነገሥትም ስለ ብድር፥ ስለ መያዣና ስለ ዋስ የሚናገርባቸው አናቅጽ አሉት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ተራ ሰዎች እርስ በርሳቸው ሲበዳደሩ የሚቈርጡት ወለድ በዓመት ከመቶ 12 እንዳያልፍ ወሰነ። ነገር ግን በአባቶቻችን ዘመን ሁለት ነገሮች በዕዳ መዝገብ አይገቡም ነበር፤ እነርሱም ትምህርትና ቤት ናቸው። ትምህርቱን የቆሎ ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፥ አኮፋዳውን አንግቶ፥ ከደብር ወደ ደብር እየዞረ በምእመናን ቍራሽ ይማረው ነበር፤ የኔታም ለዜማው ወይም ለቅኔው በገንዘብ ዋጋ አይተምኑም ነበር፤ ደቀ መዝሙሩ እንጨት ለቅሞ፥ ውሃ ቀድቶ ያገለግላቸው ነበር እንጂ። ቤቱም ቢሆን፥ በዚህ ደጋ ድንጋዩ ከተራራው፥ ጭቃው ከደጃፉ፥ ጕልበቱም ከደቦው ይገኝ ስለ ነበር፥ ጎጆ ለመውጣት ብሎ ሃያ ዓመት የሚቈይ ዕዳ የሚፈርም ሰው አልነበረም። ዛሬ ትምህርቱም ቤቱም በአንድ ዘመን ገንዘብ ጠያቂ ሆኑብን፤ የጭንቀታችን ሥሩ ይህ ይመስለኛል።

ቤቱ እንዴት ወደ ባንክ ደጅ እንደ ደረሰ በአጭሩ ልግለጽ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀው ዐዋጅ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ወደ መንግሥት ከተላለፈ በኋላ፥ በ1968 ዓ.ም. የቤቶችና ቍጠባ ባንክ ተቋቋመ፤ እርሱም ኋላ የኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ ተብሎ ከቈየ በኋላ በ2008 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ጋር ተዋሐደ፤ ለቤት ብድር ተብሎ የቆመ ባንክ እንደ ገና የታየው ጎህ ቤቶች ባንክ በ2014 ዓ.ም. ሥራ በጀመረ ጊዜ ነው። ከዚህም ላይ ብሔራዊ ባንክ የዋጋ ንረትን ለመግታት ሲል በ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ወር የየባንኩ ብድር በዓመት ከመቶ 14 በላይ እንዳያድግ፥ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ወሰኑ ወደ 18 ከፍ እንዲል አደረገ፤ እንግዲህ የሚያበድረው ገንዘብ በልክ የተሰፈረለት ባንክ፥ በዓመት ውስጥ ከሚመልስለት ነጋዴና በሃያ ዓመት ከሚመልስለት ደመወዝተኛ ማንኛውን እንደሚያስቀድም ለመገመት አያዳግትም። በእኛ አገር ደመወዝተኛው ብዙውን ጊዜ በመኖሪያ ቤት ኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጅቶ፥ በዝግ ሒሳብ ቈጥቦ፥ ቦታ ከተመራ በኋላ ግንባታውን በራሱ ገንዘብ ይጀምራል፤ ግንቡ ከመስኮቱ ወገብ ሲደርስ ገንዘቡ ያልቅበታል፤ ወደ አበዳሪው የሚሄደውም ያን ጊዜ ነው።

በሌላው ወገን የትምህርት ክፍያው አለ። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ፥ ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያመጡት ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ከመቶ 3.3፥ ከ2015 ዓ.ም. 3.2፥ ከ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 ብቻ መሆናቸው በተነገረ ጊዜ፥ በየከተማው ያለው ወላጅ ልቡ ደነገጠ፤ ደንግጦም አቅሙ የቻለውን ያህል ወደ ግል ትምህርት ቤት ሮጠ። በዚህ ላይ የዋግ ልጆች ከሌላው ሁሉ ይልቅ የተጐዱበት ምክንያት አላቸው፤ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ የሰሜኑ ጦርነት ወደ ሰቆጣ በዘለቀና እስከ 2014 ዓ.ም. ታኅሣሥ ከተማዋ በተያዘች ጊዜ ትምህርት ቤቱም ባንኩም ተዘግቶ ነበርና፤ ከአበርገሌና ከጻግብጂ የተፈናቀሉት ደግሞ ከዚያም በኋላ ብዙ ወራት በመጠለያ ሰንብተዋል። ስለዚህ የጠፋውን ዘመን ለልጁ እመልስለታለሁ ብሎ ለመዋዕለ ሕፃናቱም ለግል ትምህርት ቤቱም የሚከፍለውን፥ ወይም ትልቁን ልጅ ወልድያ፥ ደሴ ወይም ባሕር ዳር ልኮ የቤት ኪራይና ቀለብ የሚቈርጥለትን ወላጅ ቅንጡ ነው ብሎ የሚወቅስ ሰው ቢኖር፥ እኔ ከእርሱ ጋር አልተባበርም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ፤ ባንክ የአንድን ሰው ዕዳ እንዴት ያነበዋል? አስቀድሞ ከመሥሪያ ቤቱ የደመወዝ ማረጋገጫ ደብዳቤ ይጠይቃል፤ ቀጥሎ የሒሳቡን እንቅስቃሴ ያያል፤ ከዚያም በግብር ከፋይ መለያ ቍጥሩ አማካይነት በብሔራዊ ባንክ የብድር መረጃ ማዕከል ከሌላ ባንክ የተበደረው መኖሩን፥ ካለም በጊዜው መክፈሉን ይመረምራል፤ በመጨረሻም በመያዣ የሚቀርበውን ቤት መሐንዲስ ልኮ ያስገምታል። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነውና፥ መያዣ የሚሆነው ቤቱና የይዞታው መብት እንጂ አፈሩ አይደለም። እንግዲህ በዚህ ሁሉ ምርመራ ውስጥ የልጅ የትምህርት ክፍያ የሚጻፍበት ስፍራ የለም፤ ምክንያቱም ወላጁ ለትምህርት ቤቱ የሚከፍለው ገንዘብ የተበደረው አይደለምና ዕዳ ተብሎ አይመዘገብም። ወላጁ ግን እንደሚያውቀው፥ ከዕዳ ሁሉ አስቀድሞ የሚከፈል እርሱ ነው፤ ለአበዳሪ አንድ ወር ቢያሳልፍ ቅጣት ይጨመርበታል፥ ለትምህርት ቤቱ ቢያሳልፍ ግን ልጁ ከክፍል ሊወጣበት ይችላልና።

በሌላው ዓለም ያለውን ልማድ ብናስተያይ ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። በእንግሊዝ አገር የቤት ብድር የሚሰጡ ድርጅቶች አመልካቹን ስለ ግል ትምህርት ቤት ክፍያ በግልጽ ይጠይቁታል፤ የማይቀር ወጪ ነው ብለውም ከገቢው ይቀንሱታል። በአሜሪካ ግን የሚቈጠረው በዋናነት የተፈረመ ዕዳ ነው፤ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ2014 ጀምሮ በዚያ አገር ይሠራበት በነበረው ደንብ የተበዳሪው ወርኃዊ ዕዳ ሁሉ ተደምሮ ከገቢው ከመቶ 43 እንዳይበልጥ ይጠበቅ ስለ ነበር፥ ለትምህርት ሲል የተበደረ ሰው ይቈጠርበታል፥ ከኪሱ እያወጣ የሚከፍለው ግን እምብዛም አይቈጠርበትም። በዋሽንግተንና በአካባቢው የሚኖሩ ወንድሞቻችንም፥ በየወሩ ለእኅት ልጅ ትምህርት ቤት ወደ አገር ቤት የሚልኩት ገንዘብ በማንም መዝገብ ሳይጻፍ ደመወዛቸውን ሲቀንስባቸው ይኖራል።

እስቲ አንድ ቤተ ሰብ በሐሳባችን እንውሰድ። ባል የግብርና ባለሙያ፥ ሚስት ነርስ ናቸው እንበል፤ ግብርና ጡረታ ከተቈረጠ በኋላ የሁለቱ ደመወዝ በአንድነት 22,000 ብር ይሁን። የጀመሩትን ቤት ለመጨረስ 500,000 ብር በመቶ 16 ወለድ በ20 ዓመት ሊመልሱ ቢበደሩ፥ በየወሩ የሚከፍሉት 6,956 ብር ያህል ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ዐዋጅ ቍጥር 1156/2011 ከሠራተኛ ደመወዝ በአንድ ጊዜ የሚቈረጠው ከወር ደመወዙ ሲሶ እንዳይበልጥ ይደነግጋል፤ እኔም ለዚህ ስሌት ያንኑ ሲሶ እንደ ወሰን ልውሰደው፤ የ22,000 ብር ሲሶ 7,333 ብር ነውና ብድሩ በወሰኑ ውስጥ የገባ ይመስላል።

ነገር ግን ለሁለት ልጆች ትምህርት ቤት በወር 3,000 ብር ይከፈላል፤ ከባልየው ደመወዝ ለዩኒቨርሲቲ ወጪ መጋራት 1,200 ብር ይቈረጣል፤ ለግንባታው መጀመሪያ ተብሎ ከተወሰደ አነስተኛ ብድር በወር 2,000 ብር ይመለሳል፤ ለዕቁብ 1,000 ብር ይጣላል። ይህ ሁሉ ሲደመር 7,200 ብር ይሆናል፤ ማለት ቤተ ሰቡ ወደ ባንክ ደጅ ከመድረሱ በፊት ሲሶው ያለቀ ያህል ነው። ባንኩ በወረቀት የሚያየው የወጪ መጋራቱንና የቀድሞውን ብድር፥ ማለት 3,200 ብሩን ብቻ ስለ ሆነ፥ ለአዲሱ ብድር 4,133 ብር ይተርፋል ብሎ ወደ 297,000 ብር ቢፈቅድላቸው በራሱ ሚዛን ትክክል ነው፤ የትምህርት ክፍያውን ቢቈጥር ኖሮ ግን የሚፈቅድላቸው 81,000 ብር ያህል ብቻ በሆነ ነበር። ይህን ልዩነት ልብ በሉት፤ በወር 3,000 ብር የትምህርት ክፍያ ማለት በዚህ ወለድና በዚህ ዘመን 215,000 ብር ከሚያህል የቤት ብድር ጋር ይመዛዘናል።

ባንኩ ምንም ሳይቈጥር 500,000 ብሩን ሁሉ ቢሰጣቸው ይሻላቸው ነበር የሚል ቢኖር፥ የሚቀረውን ይቍጠር። ከ22,000 ብሩ ላይ 7,200ው እና 6,956ቱ ሲወጡ 7,844 ብር ይቀራል፤ ቤቱ እስኪያልቅ ድረስ ኪራይ መክፈል አይቀርምና ለኪራይ 3,000 ብር ቢወጣ፥ ለቤተ ሰቡ የወር ቀለብ፥ ልብስና መድኃኒት የሚተርፈው 4,844 ብር ነው። መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማጥፋት በ2007 ዓ.ም. የገባው ቃል የሰቆጣ ቃል ኪዳን ተብሎ በዚህች ከተማ ስም ይጠራል፤ እንግዲህ በሰቆጣ ተቀምጦ፥ ከሕፃን ማዕድ ተቀንሶ የሚከፈለውን የቤት ብድር ተስማሚ ነው ብሎ የሚፈቅድ ባለሙያም፥ የሚፈርም ወላጅም፥ ነገሩን ደግሞ ሊመረምረው ይገባል።

ብዙ ሰው የሚያቀርበው መድኃኒት ዘመኑን ማርዘም ነው። ይህ መድኃኒት ግን በከፍተኛ ወለድ ላይ እምብዛም አይሠራም፤ ያው 500,000 ብር በ20 ዓመት ፋንታ በ30 ዓመት ይመለስ ቢባል ወርኃዊው ክፍያ ወደ 6,724 ብር ይወርዳል፤ አሥር ዓመት ሙሉ ተጨምሮ የተገኘው እፎይታ በወር 232 ብር ብቻ ነው ማለት ነው። ምክንያቱም በመጀመሪያው ወር ከሚከፈለው 6,956 ብር ውስጥ 6,667ቱ ወለድ ሲሆን፥ ከዋናው ዕዳ የሚቀንሰው 289 ብር ብቻ ነው። ወለዱ እንዲህ ከሆነ ዘንድ የሚረዳው የዘመን ርዝመት አይደለም፤ የብድሩ ማነስ ነው፤ ስለዚህም አራት ክፍል ለመጨረስ ከመበደር አስቀድሞ ሁለቱን ክፍል ጨርሶ መግባትን፥ በዚያም የኪራዩን 3,000 ብር ማዳንን እኔ እመርጣለሁ።

ስለ ወጪ መጋራት ጥቂት ልጨምር። ከ1995ቱ ደንብ ወዲህ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው ከትምህርቱ ወጪ የድርሻውን፥ ምግቡንና መኝታውንም ጨምሮ፥ ከምረቃ በኋላ ከገቢው ከመቶ 10 እየተቈረጠ እንዲመልስ ግዴታ ይገባል። ይህ ዕዳ በየወሩ በደመወዝ ዝርዝር ላይ ስለሚታይ አበዳሪው ያየዋል፤ ወጣቱ ግን ከለመደው በኋላ ስለሚረሳው፥ ደመወዜ ይህን ያህል ነው ሲል ከተቈረጠው በፊት ያለውን ይናገራል። ተከፍሎ ሊያልቅ ጥቂት ወራት የቀሩት ሰው፥ የቤት ብድሩን ማመልከቻ እነዚያን ወራት ቢያዘገይ ብዙ ይጠቀማል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ዋስትና ነው። በአማራ ብድርና ቍጠባ ተቋም፥ ሁላችንም አብቁተ እያልን በምንጠራውና በ2014 ዓ.ም. ጸደይ ባንክ በሆነው ተቋም በኩል፥ ብዙ የዋግ ገበሬና ነጋዴ በቡድን ተያይዞ እየተበደረ ኖሯል፤ የመንግሥት ሠራተኛውም ለዘመዱ፥ ለጎረቤቱና ለማኅበርተኛው ደመወዙን አስይዞ ይፈርማል። ይህን ማድረግ በጎ ሥራ ነው፤ በዚህ አገር ሰው ያለ ሰው አይቆምምና ይቅር ብዬ አልመክርም። ይሁንና ዋስ የሆነለት ሰው ሳይከፍል ቢቀር ዕዳው የዋሱ ስለሚሆን፥ አበዳሪው የዋስትናውን ደብዳቤ በሰውየው ማኅደር ውስጥ ባገኘው ጊዜ ነጻ ደመወዝ አለው ብሎ አያምንም፤ ዕዳው ከተከፈለ በኋላም ዋስትናው መነሣቱን የሚገልጽ ደብዳቤ ካልተጠየቀና ካልተጻፈ ያው ወረቀት በመሥሪያ ቤቱ ማኅደር ተቀምጦ ይኖራል። ደግሞም በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተ ሰብ ሕግ፥ ከ500 ብር በላይ ለመበደርም ለሌላ ሰው ዋስ ለመሆንም የባልና የሚስት ስምምነት ያስፈልጋል ይላል፤ የጋራ ቤትን በመያዣ ለመስጠትም እንዲሁ። ባሎች ሆይ፥ ለጓደኛችሁ የፈረማችሁትን ሚስቶቻችሁ ከባንክ መስኮት ላይ እንዳይሰሙት እለምናችኋለሁ።

ክፍያው ሲቋረጥ የሚመጣውንም መሸሸግ አይገባም። በዐዋጅ ቍጥር 97/1990 መሠረት ባንክ በመያዣ የያዘውን ንብረት፥ ለተበዳሪው ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፥ ወደ ፍርድ ቤት ሳይሄድ በሐራጅ ሊሸጥ ይችላል። ሠላሳ ቀን ማለት ደመወዝ አንድ ጊዜ ብቻ የሚመጣበት ዘመን ነው። ስለዚህ የትምህርት ክፍያውን ከባንክ ሸሽጎ ብድሩን ማሳደግ የሚመስለው ብልኀት፥ ራስን ማታለል ሆኖ ይገኛል፤ ባንኩ ያልቈጠረውን ወጪ ወሩ ራሱ ይቈጥረዋልና።

እኔ ከዚህ ሁሉ ነገር የደረስሁበት ሐሳብ፥ ምናልባት ለአንዳንዶቻችሁ ከርእሱ የራቀ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ከልቤ የማምንበት ነውና እናገረዋለሁ። በሰቆጣ፥ በአምደወርቅ፥ በአስከተማና በጽጽቃ ለሚኖር ደመወዝተኛ ትልቁ የቤት ብድር ድጋፍ መልካም የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። አስቀድመን እንዳየነው የ3,000 ብር ወርኃዊ ክፍያ ከ215,000 ብር ብድር ጋር ይተካከላል፤ እንግዲህ መምህሩ የሚገኝበት፥ መጽሐፉ የተሟላለት፥ ቤተ ሙከራውና ቤተ መጻሕፍቱ ከጦርነቱ ጕዳት የታደሰለት የመንግሥት ትምህርት ቤት በየሰፈሩ ቢኖር፥ ለእያንዳንዱ ወላጅ ወለድ የሌለበት ብድር እንደ ተሰጠው ይቈጠራል። ባለ ሀብቱም፥ በአዲስ አበባና በውጭ አገር ያለውም የዋግ ተወላጅ፥ ለአንድ ዘመድ ልጅ ለብቻው የሚልከውን ከፊሉን ሰብስቦ ለአንድ ትምህርት ቤት ቢያውለው፥ ብዙ ቤት በአንድ ጊዜ ይሠራል። የመኖሪያ ቤት ማኅበራትም ከከተማው አስተዳደር ጋር ስለ ቦታና ስለ ውሃ መስመር ሲነጋገሩ፥ የትምህርት ቤቱን ጉዳይ ለሌላ ኮሚቴ እንዳይተዉት እመክራለሁ።

ይህ እስኪሆን ድረስ ግን የሚመጣው መስከረም አይጠብቅምና፥ ብድር ለመጠየቅ የምታስቡ ሰዎች አስቀድማችሁ ይህን አድርጉ። የትምህርት ክፍያውን ደረሰኝ ጠብቁ፥ በባንክም በኩል ክፈሉት፤ ትንሹን ብድር ከትልቁ በፊት ጨርሱ፤ ዕቁቡን የምታወጡበትን ወር ከግንባታው ጋር አስማሙት፤ የዋስትና መነሻ ደብዳቤያችሁን ከየመሥሪያ ቤቱ አውጡ፤ የመጨረሻው ልጃችሁ ትምህርቱን የሚጨርስበትን ዓመትና ብድሩ የሚያልቅበትን ዓመት በአንድ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ አስተያዩ። የባንክ ባለሙያዎችም በዚህ ጉባኤ ካላችሁ ሁለት ነገር እለምናችኋለሁ፤ አንደኛው በማመልከቻው ቅጽ ላይ አመልካቹ ስንት ልጅ እንደሚያስተምርና በወር ስንት እንደሚከፍል የሚጠየቅበት አንድ መስመር እንዲጨመር፥ የተጻፈውም ለመከልከያ ሳይሆን ብድሩን በልክ ለመወሰን እንዲያገለግል፤ ሁለተኛው ደግሞ የብድሩ ክፍያ ሳይጀመር የሚሰጠው የእፎይታ ጊዜ ቤተ ሰቡ ከኪራይ ወጥቶ ወደ ራሱ ጣሪያ እስኪገባ ድረስ እንዲዘልቅ ነው፤ ኪራይና የብድር ክፍያ በአንድ ወር ሲገናኙ ብዙ ሰው የሚወድቀው በዚያ ነውና።

አሁን ስሌቱን በየራሳችሁ ደመወዝና በየራሳችሁ ዕዳ ለመሥራት የምትፈልጉ ካላችሁ፥ ወረቀትና እርሳስ ተዘጋጅቷልና ወደፊት ቀረብ በሉ።